የምጽዋት ፈረቃ

በኅዳር ሚካኤል ዕለት የብርጓልን ለማኝ እምቢ አላት።

ስድሳ አራት ዓመት ስትኖር ያልቀመሰችው እምቢታ የለም። ባል እምቢ ብሏታል፣ አለቃ እምቢ ብሏታል፣ የጡረታ ወረቀቷን ይዛ ሦስት ወር የተመላለሰችበት መስኮትም እምቢ ብሏታል። የለማኝ እምቢታ ግን አዲስ ሆነባት። ገድሉ የሚባለው ባለ አንድ እግር ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከዋርካው ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ሆዱን እንደ ከበሮ ወደ ሰማይ አቅንቶ ተኝቷል። ሳህኑን ስታቀርብለት በአንድ ዓይኑ አየውና እጁን ደረቱ ላይ አኖረ።

«ሚካኤል ይስጥልኝ እሜቴ። ዛሬ ግን ሞልተናል።»

«ሞልተናል? አውቶቡስ ነህ እንዴ አንተ?»

«ኧረ አውቶቡስስ ትርፍ ይጭናል። እኛን ስድስት ቤት አብልቶናል፤ እርስዎ ሰባተኛ ነዎት።»

«የዶሮ ወጥ እኮ ነው!»

«ዶሮም በልተናል። የአቶ አስናቀ በሬ ገና ጥርሴ ውስጥ ነው።»

የብርጓል ቀና ብላ ዙሪያውን አየች። ሠላሳው ነዳይ ሁሉ ወድቋል። አንዱ በጎኑ፣ አንዱ በደረቱ፣ አንዱ የዋርካውን ሥር ተንተርሶ ያቃስታል። ጦር ሜዳ ይመስላል፤ የወጋቸው ግን ምጽዋት ነው። ከወደ ጣና የሚመጣው ነፋስ የዋርካውን ቅጠል እያገላበጠ፣ እንደ ደግ አስታማሚ፣ የጠገቡትን ሁሉ በየተራ ያራግባቸዋል።

«ካልከፋዎ እሜቴ፣» አለ ገድሉ፣ «ለአሥራ ስምንት ያስቀምጡልን።»

«ቀጠሮ ትሰጠኛለህ?»

«ምን ላድርግ? በአሥራ ሁለት ሆድ የለንም፣ በአሥራ ስምንት ምግብ የለንም።» በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ዳዊት የደገመ ሰው ስለሆነ ቆጠራ ላይ አይታማም። «እኔ የማውቀውን ልንገርዎ። አንድ ልደታ፣ ደኅና ናት። ሁለት፣ ባዶ። ሦስት በአታ፣ ሽሮ አይጠፋም። አምስት አቦ፣ ጠላም አለ። ሰባት ሥላሴ፣ ሦስት ቤት ይመጣል። ስምንትና ዘጠኝ ማንም አይመጣ። አሥራ ሁለትን ያዩታል። አሥራ ስምንት የኤዎስጣቴዎስ ቀን ጅብ እንኳ አይቶን ያዝናል። ሃያም እንደዚያው። በማግስቱ ማርያም ትመጣና እንደገና በጥጋብ እንሞታለን። እሜቴ፣ እኛን እኮ ራብ ብቻ አይደለም የሚገድለን፤ ወረፋ አለመኖሩ ነው።»

የብርጓል ሳህኑን ከደነችና ዶሮዋን ተሸክማ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ መንገድ ላይ ያገኘቻት ጎረቤት «ምነው፣ ሚካኤል አልተቀበለሽም?» ብትላት «ጠግቧል» ብላት አለፈች።

የብርጓል ሠላሳ ዓመት የሠራችው ባሕር ዳር ከተማ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ግማሹን ዘመን ክር ስትቀጥል ኖረች፤ የቀረውን ፈረቃ ስትደለድል። ፈረቃ መደልደል ማለት ሦስት መቶ ሴቶችን በጭንቅላት ይዞ መዞር ነው። ማን ጡት ታጠባለች፣ የማን ባል ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠጣል፣ ማን እናቷን ጠበል ታመላልሳለች፣ የትኛዋ ከየትኛዋ ጋር ተኮራርፋ አንድ መስመር ላይ አትቆምም። ማሽኑ ደግሞ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ቀንም ሌትም ክር ይፈልጋል። በእሷ ዘመን ሰው አጥቶ የቆመ ማሽን አልነበረም። ጡረታ ስትወጣ ጃንጥላ ሸለሟትና ረሷት።

እግዜር ለአንዱ ድምፅ ይሰጣል፣ ለአንዱ ትንቢት፣ ለአንዱ እንባ። ለየብርጓል የሰጣት ሠንጠረዥ ነው። እሷም ስጦታ መሆኑን አላወቀችም ነበር፤ ደመወዝ መስሏት ነበር።

ኅዳር አሥራ ስምንት ቀን ዳቦ በፌስታል ይዛ ሄደች። ለማየት ያህል ነው፤ ገድሉ ያጋነነ መስሏታል። አላጋነነም። ደጁ ጭር ብሏል። ከዋርካው ሥር ፀሐይወርቅ የምትባል ዓይነ ስውር ባልቴት ቁጭ ብላ፣ የሚካኤል ዕለት የተረፋትን ድርቆሽ በጣሳ ውኃ እያራሰች በጣቷ ትዳስሰዋለች። የሻገተውን በጣቷ ነው የምትለየው። የብርጓል ዳቦውን እጇ ላይ አኖረችላት።

«ዛሬ የማን ቀን ነው ልጄ?»

«የኤዎስጣቴዎስ።»

«ደግ ናቸው ይባላል፣» አለች ፀሐይወርቅ ዳቦውን እያሸተተች። «እኛን ግን አያውቁንም።»

የብርጓል ቤቷ ገብታ ልጇ ሀኒ ከባንክ ያመጣችላትን የግድግዳ ካላንደር አወረደች። ጀርባው ነጭ ነው። በማስመሪያ ሠላሳ ሳጥን ሠራችበት። ከዚያ ቤት ለቤት ዞረች፤ ማን በስንት ቀን ያበላል? በሦስት ቀን ሠፈሩን ሁሉ ጨረሰች። አሥራ ሁለት ላይ አሥራ አንድ ቤት ሠፈረና ሳጥኑ ጠበበ። ሃያ አንድ ላይ አሥራ አራት። አሥራ ስምንት፣ ሃያ፣ ሃያ ስድስት፣ እንደ ጥርስ ክፍተት ነጭ ሆነው ቀሩ። የብርጓል ያን ነጭ ስታይ ያ የቆመ ማሽን ድምፅ፣ ያ ድንገተኛ ዝምታ፣ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። የቆመ ማሽን ደግሞ አትወድም።

ሁለተኛውን ዙር ጀመረች። ይኸኛው ጦርነት ነበር።

«የማርያምን ቀን ልቀቂ? እኔ? ማርያም ምን ትለኛለች?»

«አሥራ ሦስት ቤት አላት፤ ያንቺ መቅረት አይታወቃት።»

«ሁለት የማን ነው? ታዴዎስ? እሱ ምን ያደርግልኛል?»

«አንቺስ ምን አድርገሽለት ታውቂያለሽ?»

አንዲት የኮሌጅ አስተማሪ ሚስት ባሏ ቶማስ ስለሚባል ዘጠኝን ወሰደች። ከወለጋ የመጡ የፋብሪካ ባልና ሚስት «ለእኛ ሁሉም እኩል ነው» ብለው ስምንትን ተቀበሉ፤ የብርጓል ልትስማቸው ምንም አልቀራት። ጥቂት ጥቂት እያለ ሠንጠረዡ ሞላ። አሥራ ስምንት፣ ሃያና ሃያ ስድስት ግን አልሞሉም፤ ከሁሉ አስቀድሞ አሥራ ስምንት ትልቅ ቤት ይፈልጋል። ትልቁ ቤት የአስናቀ ነው።

አስናቀ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት አለው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሲሚንቶ ይሸጣል። ዓሣ በጾም ይበላል የሚል ሊቅ ሲፈልግ ሰባት ዓመት ሆነው። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ባነር ይወዳል። በየወሩ በአሥራ ሁለት «የቅዱስ ሚካኤል ወዳጅ አቶ አስናቀና ቤተሰቡ እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ» የሚል ባነር ከደጁ ይሰቀላል። የመልአኩም ሥዕል አለበት፤ የአስናቀ ፎቶ ግን ከመልአኩ ይተልቃል፤ ክንፍ ብቻ ነው የቀረው።

«እትዬ የብርጓል፣» አላት ወንበር እየሳበላት፣ «በአሥራ ሁለት ስንት ሰው ይመጣል?»

«አገር።»

«በአሥራ ስምንትስ?»

«ገድሉና ቁራ።»

«ታዲያ ባነሩን ለቁራ ልስቀለው?»

«ገድሉ ማንበብ ይችላል። እስከ ዳዊት ደግሟል።»

አስናቀ ሳቀ። ከዚያ ግን ነጋዴ ነውና ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አያት። «እሺ፤ ይሁን። እርስዎስ ነዳያን በስንት ቀን ነው የሚያበሉ?»

የብርጓል ነጠላዋን አስተካከለች።

«በስንት ቀን ነው?»

«በአሥራ ሁለት።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እርስዎ ይልቀቁ። እኔ ከኋላ እከተላለሁ።»

ከዓሣ ቤቱ ወጥታ ከመርከብ ማቆሚያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አንድ የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ፣ ቀዛፊው እስከ ወገቡ ተደብቆ፣ በሐይቁ ላይ ያለ መሬት የሚሄድ ሰው መስሎ ያልፋል። እንዲህ ባለው ታንኳ ነበር እናቷ አገርነሽ የብርጓልን የስምንት ወር እርጉዝ ሳለች ከቁንዝላ የተነሣችው። ዘጌ ሳይደርሱ ማዕበል ያዛቸው። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ጥሎ የሞተች እናቱን መጣራት ሲጀምር፣ አገርነሽ እርጥቡን ደንገል ጨብጣ፣ «ሚካኤል፣ ካወጣኸኝ በወር በወሩ፣ በቀንህ፣ ነዳያን አበላልሃለሁ» አለች። ወጣች። አበላች። ስትሞትም የልጇን እጅ ይዛ «ሚካኤልን እንዳታስታጉዪብኝ» አለቻት። የብርጓል ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድም ወር አልዘለለችም። ሁለት ቀን እንዳታበላ ጡረታዋ አንድ ድግስ ነው የሚችል፤ እሱንም ከአፏ እየነጠቀች ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሀኒም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። ልጇ በመውለጃዋ ወር ከሚካኤል ጋር የምትጣላ እናት ማን ናት?

አባ መርስዔ ኀዘን ዘንድ ሄደች። የነፍስ አባቷ ናቸው፤ ዘጌ ገዳም ውስጥ ተምረው ያረጁ፣ ጆሯቸው የፈለጉትን ብቻ የሚሰማ ሽማግሌ።

«አባቴ፣ የስለት ቀን ይዛወራል?»

«ከማን ወደ ማን?»

«ከሚካኤል ወደ... ኤዎስጣቴዎስ።»

አባ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑት። «ምነው ልጄ፣ ከደጃዝማች ግቢ ወጥተሽ ከአጥቢያ ዳኛ ደጅ?»

ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የገድሉን ሆድ፣ የፀሐይወርቅን ድርቆሽ፣ የአስናቀን ባነር፣ የእናቷን ታንኳ፣ የሀኒን ወር። አባ መሳቃቸውን ትተው መቋሚያቸውን መሬት ላይ ያሽከረክሩ ጀመር።

«ስለቱን አልፈታልሽም፣» አሉ በመጨረሻ። «ቃል የገባችው እናትሽ ናት፤ እሷ የለች። የተቀበለው ሚካኤል ነው፤ እሱን ደግሞ በስልክ አላገኘው።»

«እንግዲያው ልተወው?»

«እንደሱስ አላልሁም። ጌታ በፍርድ ቀን ‹ርቦኝ ነበር› ይላል እንጂ ‹በአሥራ ሁለት ርቦኝ ነበር› ሲል አልሰማሁ። አንቺ በአሥራ ሁለት የምታበይው ሰው ጠግቧል። የጠገበ ሰው ምርቃቱ ግሣት ነው።»

«አይዞሽ ይበሉኛ አባቴ! ምንም አትሆኚም ይበሉኝ።»

«አልልም። ማን ሆኜ? ፍሪ። ፈርተሽ አድርጊው። ደግሞ ደልዳይነትሽን የሰጠሽ ማን ሆነና ነው? ፋብሪካው መሰለሽ?» ተነሡና መስቀላቸውን አሳለሟት። ጥቂት እንደ ራቀች ከኋላዋ ተጣሩ፤ «በአሥራ ስምንት እኔንም ትጠሪኝ የለ?»

እንዲህ ያለ ምክር ጭንቅ ነው። «አታድርጊ» ቢሏት በአባ አሳብባ ትተወው ነበር፤ «አድርጊ» ቢሏትም በአባ አሳብባ ታደርገው ነበር። ባዶ እጇን ላኳት።

ሀኒን ለማማከር ያሰበችው ድፍረት ለመበደር ነው። ሀኒ የተማረች ናት፤ ባንክ ነው የምትሠራ፤ ስለ ጠንቋይም ስለ ቡዳም ስትሰማ ቅንድቧን የምታነሣ ልጅ ናት። ነገሩን ስትሰማ ግን ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

«እማዬ፣ አብደሻል? ይኼን ሆድ እያየሽ?»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ አምና ‹ስለት ልማድ ነው› ያልሽኝ?»

«ያኔ እርጉዝ አልነበርሁም!»

«ሰዎቹ እኮ በአሥራ ስምንት...»

«አንድ ወር ጠብቂ። አንድ ወር ብቻ። ልውለድና ከፈለግሽ ለቁራ አብዪ።»

አንድ ወር። የብርጓል አንድ ወር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ፋብሪካው ውስጥ «ለዛሬ ብቻ ይቁም» የተባለ ማሽን ሁሉ ከርሞ ሸረሪት ያደራበታል። አስናቀም ቢሆን በሚቀጥለው ወር ሌላ ምክንያት አያጣም። ሳምንት ሙሉ አልወሰነችም። ሽንኩርት ስትከትፍ ለሚካኤል አሰበች፤ ልብስ ስታሰጣ ለፀሐይወርቅ ጣት።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ባዶ እጇን ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ገብቶ የማያውቅ ባዶ እጅ ነው፤ የት እንደምታደርገው ጠፋትና ነጠላዋ ሥር ደበቀችው። ከሚካኤል ሥዕል ፊት ቆመች። መልአኩ ሰይፉን መዟል፤ ከእግሩ ሥር ያ ጥቁሩ ተጋድሞ ዓይኑን ያፈጣል።

«ጌታዬ ሚካኤል፣» አለች በሹክሹክታ፣ «ዛሬ ምንም አልያዝሁም። እናቴን ከውኃ ያወጣሃት አንተ ነህ፤ አልካድሁህም፤ ውለታህንም አልረሳሁ። ግን ደጅህ ላይ ያሉት ጠግበዋል። አላምንሽም ካልኸኝ ወጥተህ እያቸው። ከተቀየምኸኝ እኔን ተቀየም፤ ልጅቱን ግን አደራ። እሷ ምንም አታውቅም፤ ባንክ ነው የምትሠራ።»

ስትወጣ የአስናቀ ባነር ደጁን ሞልቶታል። አንዷ ሴት ለሌላዋ «ሰሃኗስ? እምነት ለወጠች እንዴ?» ስትል ሰማች። ዞራ ልትመልስላት አፏን ከፍታ፣ ከሥዕሉ ፊት ገና አሁን መውጣቷ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው።

ታኅሣሥ አሥራ ሰባት ምስሩን ለቀመች፣ ሽሮውን አዘጋጀች፤ ጎረቤት የሚያግዛት አንድም ሰው አልመጣም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ድስቱ ገና ሳይጣድ፣ ስልኩ ጮኸ። የሀኒ ባል ጌትነት ነው። ሀኒን ምጥ ይዟታል፤ ቀኗ ሁለት ሳምንት እየቀረው።

ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ የብርጓል አግዳሚ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ሰዓቱ ሄደ። አዋላጇ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ «ገና ነው» ትላለች። በአራት ሰዓት «ገና ነው»። በስድስት ሰዓት «ትንሽ ዘግይቷል፣ ግን አይዞዎት»። የብርጓል አይዞሽ መባልን ስትመኝ ከርማ አሁን ስትባል አጥንቷ ውስጥ በረዶ ገባ። ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ። ለገድሉ ሆድ ብዬ የልጄን ሆድ።

በስምንት ሰዓት ሀኒ አስጠራቻት። ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል፤ የአልጋውን ብረት ጨብጣለች።

«ድግሱስ?»

«የምን ድግስ ልጄ! ተዪው እሱን።»

«እንዴት ተዪው?»

«የትም አልሄድም። እዚሁ ነኝ።»

ሀኒ ምጡ እስኪያልፍ ጥርሷን ነከሰችና የእናቷን ነጠላ ጫፍ ያዘች። «ስሚኝ እማዬ። በአሥራ ሁለት ሚካኤልን አስቀየምሽ። ዛሬ ደግሞ ኤዎስጣቴዎስን ልታስቀይሚ? ከሁለቱም ተጣልተን በየት በኩል ልወልደው ነው? ሂጂ! ጌትነት አለ። ሂጂ ብዬሻለሁ!»

አዋላጇ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋን በሳቅ ስታርገበግብ ታየች።

የጾም ቅዳሴ የሚወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። የብርጓል ቤቷ ደርሳ፣ ምስሩን እያማረረች አብስላ፣ ድስቱን በባጃጅ ጭና፣ ለባለ ባጃጁ «ቀስ!» እና «ፍጠን!» በአንድ ትንፋሽ እየተናገረች ደረሰች። ከዋርካው ሥር ሃያ ስድስት ሰው ነበር። ማንም አልተነሣም፤ ድስት ይመጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረምና። ሰሃኖቹን ስታድል ገድሉ ራሱ አልቀለደም።

ከዚያ መብላት ጀመሩ።

የብርጓል ጭልፋውን እንደ ያዘች ቆመች። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብልታለች፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲያማርጡ፣ ሲያነሡ ሲጥሉ፣ «ሥጋውን ከታች ነው ያደረግሽው?» ሲሏት ኖራለች። የተራበ ሰው የእሷን ምግብ ሲበላ ያየችው ግን ዛሬ ነው። ድምፅ የለውም። ጣት ወደ ሰሃን ይወርዳል፣ ወደ አፍ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሃያ ስድስት ሰው አብሮ ይውጣል። ከሐይቁ የአንዲት ወፍ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። የብርጓል ይህን አይታ ሳታውቀው እንባዋ ምስሩ ውስጥ ጠብ አለ፤ ጨው የጎደለው ስለነበር አልከፋም።

«የማን ቤት ነው?» አለች ፀሐይወርቅ።

«የእኔ ነው፤ የየብርጓል።»

«ምን ብዬ ልመርቅሽ?»

«ልጄ ምጥ ላይ ናት።»

ፀሐይወርቅ ጉርሻዋን መለሰችው። የተራበ ሰው ጉርሻ ሲመልስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ገድሉ ክራንቹን ተመርኩዞ ተነሣ፤ ሌሎቹም ተነሡ። «ማርያም ማርያም!» አለ አንዱ፤ «ማርያም ማርያም!» አሉ ሁሉም፤ ግማሹ አፉ ሙሉ ስለነበር «ማያም» ነው ያለው። ቅዳሴ ጨርሰው የሚወጡት ሰዎች ምን መጣ ብለው ደጁ ላይ ቆሙ። አባ መርስዔ ኀዘንም ድርሻቸውን ሊቀበሉ መጥተው ኖሮ መስቀላቸውን አውጥተው ከለማኞቹ መሐል ገቡ።

ሕፃኗ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ጣና ውስጥ ስትገባ ተወለደች። ሦስት ኪሎ ተኩል። እትብቷ አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ነበር።

ይህ እትብት ሠፈሩን ለሁለት ከፈለው። ግማሹ «የጠመጠመው ሚካኤል ነው፤ ማስጠንቀቂያ ነው» አለ። ግማሹ «የፈታው ኤዎስጣቴዎስ ነው» አለ። ገድሉ «የእኛ ጩኸት ነው» አለ። አዋላጇ «እኔ ነኝ በእጄ የፈታሁት» አለች፤ የሰማት ግን የለም። ሀኒ ልጇን «ርሆቦት» አለቻትና ክርክሩን ለሌሎች ተወችው። የብርጓል ደግሞ ሚካኤል ደጅ ሄዳ «አመሰግናለሁ» ስትል፣ ለማን እንደሆነ አልለየችም፤ ራሳቸው ይከፋፈሉት ብላ።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ግን ማንም ደልዳይ አልገመተውም። ኤዎስጣቴዎስ ምጥ ይፈታሉ የሚል ወሬ ወጣ። በጥር አሥራ ስምንት ሦስት ቤት መጣ። በየካቲት አሥራ ስምንት ደግሞ ሰባት ቤት ሊመጣ ተዘጋጀ። ምጥ ያለባት፣ መሐን የሆነች፣ ምራቷን የምትወድ፣ ምራቷን የምትጠላ ሁሉ ድስት ታጥባለች። ከሁሉ በላይ አስናቀ ባነሩን አዲስ አሠርቶ፣ የኤዎስጣቴዎስን ሥዕል ከራሱ ፎቶ አጠገብ አስጠግቶ፣ እየሳቀ የብርጓል ቤት መጣ።

«ይኸው እትዬ የብርጓል፤ በቃሌ ተከተልሁዎት!»

«ተከተለኝ አልሁህ እንጂ ላዬ ላይ ቁም አልሁህ?»

ሠንጠረዡን አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አሥራ ስምንት እንደ እንቦጭ ተጨናንቋል። ሃያና ሃያ ስድስት አሁንም ነጭ ናቸው። የብርጓል ላጲሱን አነሣችና አሥራ ስምንት ላይ ያለውን የራሷን ስም ታጠፋ ጀመር።

ሀኒ ጡት እያጠባች ከአልጋው ጫፍ ቀና አለች። «እማዬ! የልጄን ቀን ልትለቂ?»

«ልጅሽ የምትበላው አላት።»

«አባንስ አትጠይቂም?»

«አባ ምን ይሉኛል? ፍሪ ይሉኛል። እሱን ያለ እሳቸው እችላለሁ።» ሃያ ላይ ስሟን ጻፈች። ከዚያ ጣቷን ሃያ ስድስት ላይ አድርጋ አስናቀን አየችው።

«ሃያ ስድስት ደግሞ ማን ነው?» አለ አስናቀ።

«ሄደህ ደጁ ላይ ያሉትን ጠይቃቸው። የእነሱ ቀን ነው።»

አስናቀ ባነሩን ጠቅልሎ በብብቱ አቀፈው፤ ዋጋ እንደሚከራከር ሰው ወደ ጣሪያው አየ፣ ወደ ሕፃኗ አየ፣ ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ።

«በሬ ይሻላል በግ?»

«ጾም እኮ ነው አስናቀ።»

«ዓሣስ?»

«ውጣ ከቤቴ!» አለችው፤ ስሙን ግን በእስክሪብቶ ጽፋለት ነበር።